በሰመራ ሐሩር አንድ ክፍል በቀን ስንት ሰዓት ያስተምራል?

ስልካችሁ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። መጀመሪያ የስክሪኑ ብርሃን ይደበዝዛል። ቀጥሎ ካሜራው እምቢ ይላል። በመጨረሻ «ስልኩ በጣም ሞቋል» የሚል ጽሑፍ ያወጣና አላገለግልም ብሎ ቁጭ ይላል። አፕል ራሱ አይፎንን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው አየር ውስጥ ተጠቀሙበት ብሎ ይመክራል። ሰመራ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ቀን ላይ ከ40 ዲግሪ ማለፏ ለማንም ዜና አይደለም።

እና በዚያ አየር ውስጥ፣ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር፣ ሃምሳ ስድሳ ልጅ በአንድ ክፍል አስቀምጠን የአልጀብራ ቀመር እንዲገባቸው እንጠብቃለን። ስልኩ ሲግል ለራሱ ማዘን ያውቅበታል። ተማሪው ግን ማስጠንቀቂያ አያወጣም። ዝም ብሎ ያንቀላፋል፤ «ሰነፍ» ይባላል።

ይህን የምጽፈው እንደ ሎጊያ ልጅ ነው። መሐንዲስ አይደለሁም፤ የተመረቅኩት በኢኮኖሚክስ ነው። የኢኮኖሚክስ ትምህርት ግን አንድ የማይለቅ ልማድ ያስይዛል፦ አንድ ነገር «ተሠራ» ሲባል «ስንት ብር ወጣበት?» ብሎ ማቆም ሳይሆን «ስንት ሰዓት ያገለግላል?» ብሎ መጠየቅ።

ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» የሚለውን ንቅናቄ ከጀመረ ወዲህ በየክልሉ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ይገነባሉ፣ አሮጌዎቹም ይታደሳሉ። አፋር ውስጥ ደግሞ እንደ አብአላና ጭፍራ ያሉ አካባቢዎች በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የተጎዱባቸውን ትምህርት ቤቶች መልሰው ማቆም አለባቸው። ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ሪፖርቱ ግን ሁሌም የሚቆጥረው ክፍል ነው፦ ይህን ያህል ብሎክ፣ ይህን ያህል ክፍል ተጠናቀቀ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ክፍል በቀን ስንት ሰዓት ያስተምራል?

ጥያቄው የሚመለሰው በግድግዳው አይደለም። መሐንዲሶች የሕንጻ ሲስተም በሚሉት ነገር ነው፦ አየሩ በየት ይገባል በየት ይወጣል፣ ጥላው የት ያርፋል፣ ውሃው ከየት ይመጣል፣ መብራቱ፣ መጸዳጃው፣ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ግድግዳውን ምን ይይዘዋል። እነዚህ ነገሮች ፎቶ ላይ አይታዩም። ለዚህም ይመስለኛል በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጡት።

ሙቀት ማርክ ይበላል

መጀመሪያ «ሙቀቱ እኮ የለመድነው ነው» የሚለውን ክርክር እናንሳ። ኢኮኖሚስቶች ይህን ጉዳይ በቁጥር አይተውታል። በ2020 እ.ኤ.አ. ጂሱንግ ፓርክ፣ ጆሹዋ ጉድማንና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት አሜሪካ ውስጥ ፈተናውን ደጋግመው የወሰዱ 10 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎችን ውጤት ተከታተሉ። የትምህርት ዘመኑ በ1 ዲግሪ ፋራናይት በሞቀ ቁጥር፣ ማቀዝቀዣ በሌላቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪው በዚያ ዓመት ከሚማረው 1 በመቶ ያህሉን ያጣል። አንድ ዲግሪ ፋራናይት በሴልሺየስ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ማቀዝቀዣ ባላቸው ትምህርት ቤቶች ግን ጉዳቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል።

ልብ በሉ፣ ይሄ ሰመራን ያላየ አገር ነው። የአሜሪካውን ቁጥር አምጥተን እዚህ መለጠፍ አንችልም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ሙቀት ልጁን ከማሰልቸት አልፎ የትምህርቱን መጠን ይቀንሳል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ የሚሰጠው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው። የአፋር ልጅ ለፈተናው የሚያጠናው ዓመቱ በጣም በሚግልበት ወቅት ነው ማለት ነው። አዲስ አበባ ያለው ተፎካካሪው በዚያው ሰሞን ጃኬት ለብሶ ዝናብ ይሸሻል።

ስዕሉ የተሳለው ለደጋ ነው

ብዙ ቦታ የምናየውን የትምህርት ቤት ብሎክ አስቡት። አራት ክፍል በአንድ ረድፍ፣ ብሎኬት ግድግዳ፣ የላሜራ መስኮት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በአንድ በኩል ብቻ በረንዳ። ይሄ ለደብረ ብርሃን ጥሩ ስዕል ነው። እዚያ ጠላቱ ብርድና ዝናብ ነው፤ ፀሐይ ከገባች እሰየው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ሰመራ ደግሞ 430 ሜትር ገደማ ላይ። አገሩ አንድ ቢሆንም አየሩ የሁለት ዓለም ነው። ስዕሉ ግን አንድ ዓይነት ሆኖ ይመጣል።

አንድ መሐንዲስ ጓደኛ አለኝ። ሳይት ላይ የዋለ ሰው ስለሆነ አይለሳለስም። አንድ ቀን ሎጊያ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስለዚህ ጉዳይ ስጠይቀው ሳቀብኝ።

«አንቺ ክፍል ትቆጥሪያለሽ፣ እኔ ፀሐይ እቆጥራለሁ» አለኝ። «የብሎኩ ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ማየት አለበት። መስኮቱ ምሥራቅና ምዕራብ ካየ አለቀ! የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ነው የምትመጣው፤ በረንዳ አያቆማትም፣ ዘልቃ ጥቁር ሰሌዳው ድረስ ትገባለች።»

«ይሄን ለማስተካከል ስንት ብር ይፈጃል?»

«ምንም። ችካል ሲተከል ዞር ማድረግ ነው።»

ቀጥሎ የነገረኝ ከዚህ በፊት አስቤው የማላውቀው ነገር ነው። ሰመራ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ ሳይሆን በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በቀሪው ዓመት ደግሞ በደቡብ። በአንድ በኩል ብቻ በረንዳ ያለው ብሎክ እንግዲህ የዓመቱን አንድ ክፍል ሁሌም ተጋልጦ ያሳልፋል። በረንዳው በደቡብ ከሆነ ደግሞ የሚጋለጠው በጣም በሚሞቁት ወራት ነው። ደጋ ላይ በእነዚያ ወራት ደመና ስለሚሸፍን ማንም አያስተውለውም። እዚህ ግን ልዩነቱ ይታወቃል። መፍትሔው በሁለቱም በኩል የጣሪያውን ክፈፍ አርዝሞ ማውጣት ነው።

ከላይ ምጣድ፣ ከታች ልጆች

ወደ ጣሪያው እንምጣ። ቆርቆሮ በእኩለ ቀን ፀሐይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ኮርኒስ ከሌለ ያ የጋለ ብረት እንደ እንጀራ ምጣድ ሆኖ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ታች፣ ወደ ልጆቹ ጭንቅላት ይለቃል። ለዚህ ነው አየሩ ከውጭው እኩል ቢሆን እንኳ ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ ከውጭው ጥላ የሚከብደው።

ከሎጊያ ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር «ከ4 ሰዓት በኋላ ክፍሌ ዛፉ ነው» ብሎኛል። ዛፉ ደግሞ የግጦሽ መሬቱን ወሮ አርብቶ አደሩን ያማረረው ፕሮሶፒስ ነው። እስቲ አስቡት፦ በጀት ወጥቶበት፣ ጨረታ ወጥቶበት፣ ርክክብ ተደርጎበት የቆመ ክፍል በጥላ ጉዳይ ባልተፈለገ አረም ሲሸነፍ!

መፍትሔው ጠፍቶ አይደለም። ፍራንሲስ ኬሬ የሚባል የቡርኪና ፋሶ ሰው አለ። ጋንዶ በምትባል መንደር ተወልዶ ጀርመን አገር አርክቴክቸር ተማረ። ገና ተማሪ እያለ ገንዘብ አሰባስቦ፣ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሆኖ በ2001 እ.ኤ.አ. ለጋንዶ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠራ። የሠራው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው። ክፍሎቹን ከአካባቢው አፈር በተሠራ ጡብ ገነባ፣ ከላይ በጡብ ኮርኒስ ዘጋቸው፤ ቆርቆሮውን ግን ኮርኒሱ ላይ አላስቀመጠውም። በቀጭን ብረት ከፍ አድርጎ፣ ክፈፉን ከግድግዳው ርቆ እንዲወጣ አደረገ። በሁለቱ መሀል ነፋስ ያልፋል። የጋለው ቆርቆሮ ሙቀት ወደ ክፍሉ ሳይወርድ በነፋስ ይወሰዳል። ኬሬ በ2022 እ.ኤ.አ. በአርክቴክቸር ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ የወሰደ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ያ የዝና መንገድ የጀመረው ከአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ጣሪያ ነው።

ደግሞ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የአፋር እናቶች የሚያቆሙት ዳቦይታ የታጠፈ እንጨትና የዘንባባ ሰሌን ነው። ቀላል ስለሆነ ሙቀት አያጠራቅምም። ሰሌኑ ፀሐይ ይከለክላል፣ ነፋስ ያሳልፋል፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ደግሞ ከፍ ይደረጋል። ሲፈለግ ተነቅሎ ግመል ላይ ይጫናል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ብትወርዱ ደግሞ በፈረንሳዮቹ የባቡር ዘመን የተሠራው ቡፌ ሰፊ በረንዳውን ዘርግቶ፣ ግቢው በተክል ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። አንዱ የአርብቶ አደር፣ አንዱ የባቡር ኩባንያ ነው። ሁለቱም ግን መጀመሪያ ያሰቡት ስለ ጥላ ነው።

እዚህ ላይ ተስፋውን አላጋንነውም። ውጭው 42 ዲግሪ ሲሆን መስኮት መክፈት ቀዝቃዛ አየር አያመጣም። ቬንትሌተርም ቢሆን አየሩ ከሰውነታችን በላይ ሲሞቅ የሚነፋው ትኩስ ነፋስ ነው፤ የሚያግዘው ላብ እስካደረቀ ድረስ ብቻ ነው። ጥሩ ሕንጻ ሰመራን ደሴ አያደርጋትም። የሚያደርገው ክፍሉ ከዛፍ ጥላ የባሰ እንዳይሆን መከላከል ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ስሌቱን እንየው።

አሥር ይሻላል ወይስ አሥራ ሁለት?

«ክፍል የሌለው ልጅ እያለ አንቺ ስለ ኮርኒስ ታወሪያለሽ?» የሚለኝ ሰው አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡ ያው ነው፤ ለኮርኒስ የወጣ ብር ለሌላ ክፍል አይውልም። ስለዚህ በምሳሌ ቁጥር እናስላው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የያዝኳቸው ናቸው፤ እናንተ የአካባቢያችሁን ዋጋ አስገቡበት።

አንድ ባዶ ክፍል (ግድግዳና ቆርቆሮ ብቻ) 100 ብር ያወጣል እንበል። ኮርኒስ፣ ከሱ በላይ የአየር ማስወጫ፣ በሁለት በኩል ጥላ ሲጨመርበት 120 ብር ይሆናል። በእጃችን 1,200 ብር አለ። ወይ 12 ባዶ ክፍል፣ ወይ 10 የተሟላ ክፍል እንሠራለን። በሪፖርት 12 ያሸንፋል። አለቀ።

አሁን በሰዓት እንቁጠር። ፈረቃው 4 ሰዓት ነው እንበል። 10 የተሟላ ክፍል በቀን 40 ሰዓት ያስተምራል። 12ቱ ባዶ ክፍሎች ይህንን 40 ሰዓት ለመድረስ እያንዳንዳቸው 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ መሥራት አለባቸው። ስለዚህ ሙቀቱ ከእያንዳንዱ ክፍል በአማካይ በቀን ከ40 ደቂቃ በላይ ከበላ፣ 12ቱ ክፍሎች ከ10ሩ ያነሰ ያስተምራሉ።

«ሙቀቱ እኮ ዓመቱን ሙሉ አይደለም» ትሉኛላችሁ። ትክክል። ከ10 የትምህርት ወራት በጣም የሚሞቁት 4 ናቸው ብንል፣ በእነዚያ ወራት የሚጠፋው በቀን ከ100 ደቂቃ መብለጥ አለበት። አሁን ያን መምህር አስታውሱት። ትምህርቱ በ2 ሰዓት ተጀምሮ በ6 ሰዓት የሚያበቃ ከሆነና ከ4 ሰዓት በኋላ ክፍሉ ዛፍ ከሆነ፣ የጠፋው 120 ደቂቃ ነው። ዛፍ ሥር ትምህርት ሊቀጥል ይችላል፤ ለዛፉ ግን በጀት አልወጣም። ብሩ የወጣው ባዶውን ለቆመው ክፍል ነው።

ለኔ ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው። የክፍል ብዛት የወጪ ቁጥር እንጂ የትምህርት ቁጥር አይደለም።

ውሃው ሐምሌ ይመጣል፣ ተማሪው መስከረም

ሙቀቱ ሌላ ነገር ይጎትታል፦ ጥም። ውሃ የሌለበት ትምህርት ቤት ውስጥ ልጁ 5 ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ቢሄድ ማን ይፈርድበታል? ሴት ተማሪዎች ጋ ሲደርስ ጉዳዩ ይብሳል። ውሃና በር ያለው መጸዳጃ ከሌለ በወር አበባ ቀናት ክፍል መምጣት ራሱ ፈተና ነው። ይሄን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገኝም፤ ተማሪ ሆኜ አይቼዋለሁ።

የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ቦታ ጨዋማ ነው፣ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ አንዳንድ ቦታም ሙቅ ሆኖ ይወጣል። ጣሪያው ግን ራሱ የውሃ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። የአንድ ብሎክ ጣሪያ 300 ካሬ ሜትር፣ የዓመቱ ዝናብ 150 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ብንል 45,000 ሊትር ይወርዳል። አምስት አንድ እጁ ባከነ እንበል፤ 36,000 ሊትር ይቀራል። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ 36 ጊዜ ይሞላል። ለ300 ተማሪ፣ ለ180 የትምህርት ቀን ሲካፈል ለአንድ ልጅ በቀን ሁለት ሦስተኛ ሊትር ይደርሰዋል። ለሁሉም ነገር አይበቃም፤ ከምንም ግን ይሻላል።

ችግሩ ጊዜው ነው። የአፋር ዋናው ዝናብ፣ ካርማ፣ የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ሲሆን። ስለዚህ አሸንዳ መግጠም ብቻውን ዋጋ የለውም። ውሃውን እስከ መስከረምና ከዚያም በኋላ ይዞ የሚያቆይ ማጠራቀሚያ፣ የመጀመሪያውን አቧራማ ውሃ የሚያፈስ መውጫ፣ ክረምቱን ሙሉ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋል። ሲስተም ማለት ይሄ ነው። አንዱ ቁራጭ ከጎደለ ሌላው ሁሉ ጌጥ ይሆናል።

መብራቱም እንደዚያው። ብሔራዊ ፈተናው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። መብራት የሌለበት፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ራሱ በሙቀት የሚዝልበት ትምህርት ቤት ልጁን ለዚህ እንዴት ያዘጋጀዋል? ፀሐይ እንደ ሆነች ሞልታናለች። የጣሪያውን ማዕዘንና የሽቦውን መስመር ከመጀመሪያው ለሶላር ያሰበ ስዕል በኋላ ግድግዳ ከመስበር ያድናል።

መሬቱ ራሱ ሲንቀሳቀስ

እስካሁን ያወራሁት ስለ ምቾት ሊመስላችሁ ይችላል። አሁን ስለ ሕይወት እናውራ።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ መሬቱ ለወራት ተንቀጠቀጠ። ታኅሣሥ 26 ቀን የደረሰው መጠኑ ከ5.5 በላይ ነበር፤ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6 ገደማ ደረሰ። መንገድና ቤት ተሰነጠቀ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ጥሎ ወጣ። ይሄ እንግዳ ነገር አልነበረም። ከሰመራ ወደ ጅቡቲ ስትሄዱ የምታገኟት ሰርዶ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በደረሰ፣ መጠኑ ከ6 በላይ በነበረ የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች፤ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። እኛ የምንኖረው ምድር እየተከፈለች ባለችበት ቦታ ላይ ነው።

የአገራችን የሕንጻ ኮድ ይህንን ያውቃል። አፋር በከፍተኛው የመንቀጥቀጥ አደጋ ቀጠና ውስጥ ነው። ትምህርት ቤትም ብዙ ሰው በአንዴ የሚይዝ ስለሆነ ከተራ መኖሪያ ቤት የበለጠ ጥንካሬ እንዲኖረው ይጠበቃል። ብሎኬት ብቻውን ሲወዛወዝ ይበታተናል። አንድ ላይ የሚይዘው ግድግዳውን ከላይ ዙሪያውን የሚያስረው ቢም፣ ጥጉ ላይ ያለው ኮለንና በፌሮው ላይ በትክክለኛ ርቀት የታሰረው ስታፋ ነው። ስታፋ ግን ከተለሰነ በኋላ አይታይም። ሳይቱ ላይ ቆሞ የሚያይ ተቆጣጣሪ ካልነበረ፣ ትክክል መሠራቱን የሚነግረን መሬቱ ራሱ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል።

እዚህ ላይ ነው ጓደኛዬ ያስቆመኝ። የኬሬን ትምህርት ቤት ፎቶ በስልኬ አሳይቼው «ለምን ይሄን እዚህ አንገለብጠውም?» አልኩት። ፎቶውን አየና «ቡርኪና ፋሶ እንደኛ አትንቀጠቀጥም» አለኝ። «ያንን ከባድ የጡብ ኮርኒስ እዚህ ልጆች ጭንቅላት ላይ ከሰቀልሽ ሙቀቱን ገላግለሽ ሌላ መዓት አመጣሽ። ሐሳቡን ውሰጂ፣ ክብደቱን ተዪ። ቀላል ኮርኒስ፣ ከላዩ ክፍት አየር፣ ከዚያ ቆርቆሮ።»

አዋሽ ወንዝ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ ሞልቶ አሚባራን፣ ዱብቲን፣ አሳይታን አጥለቅልቋል። በወንዙ ሜዳ ላይ ለሚሠራ ትምህርት ቤት የመሠረቱ ከፍታ፣ የመጸዳጃው ጉድጓድ የሚቀመጥበት ቦታና የኤሌክትሪክ ሳጥኑ የሚሰቀልበት ቁመት የሕንጻው ዋና ጉዳዮች ናቸው። ለሙቀቱ ክብደት መቀነስ፣ ለመንቀጥቀጡ ማሰር፣ ለጎርፉ ከፍ ማድረግ፣ ሁሉንም በአንድ ስዕል። ለዚህ ነው ከሌላ ቦታ የመጣ ስዕል ለሰመራ የማይበቃው።

ታዲያ ለምን አይሠራም?

ክፋት አይመስለኝም። ማበረታቻው ነው የተበላሸው። ጨረታው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ ነው። ሥራው መሀል ላይ ሲሚንቶና ብረት ዋጋቸው ሲንር ኮንትራክተሩ ይጨነቃል፣ አሠሪው መሥሪያ ቤት ይጨነቃል፣ ስብሰባ ይቀመጣል። ከስብሰባው በኋላ ግድግዳ አይቀነስም፣ ክፍል አይቀነስም። የሚቀነሰው ኮርኒስ፣ በሁለተኛው በኩል የነበረው በረንዳ፣ ሮቶው፣ የሚተከለው ዛፍ ነው። ምክንያቱም ለምረቃው ቀን አያስፈልጉም። ምረቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጠዋት ነው።

ያተረፈውና የከሰረው አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሄ አይሆንም ነበር። ግን በጀቱን የሚቆጥበው አንድ ቢሮ ነው፤ በሰኔ 5 ሰዓት ላይ ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው 11 ዓመቱ ነው፤ ስብሰባው ላይ አልተጠራም።

እኛ ምን እንጠይቅ?

በቀበሌያችሁ አዲስ ትምህርት ቤት ሲጀመር ወይም አሮጌው ሲታደስ እነዚህን ጠይቁ። ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

1. የብሎኩ ረጅም ጎን ወዴት ያያል? በስልካችሁ ኮምፓስ በአሥር ሰከንድ ታውቁታላችሁ። ችካል ከመተከሉ በፊት ከሆነ ማስተካከያው ነጻ ነው።

2. በሁለቱም በኩል ጥላ አለ ወይስ በአንዱ ብቻ?

3. ኮርኒስ በውሉ ውስጥ አለ? ከኮርኒሱ በላይ ያለው አየር መውጫ አለው?

4. ለመንቀጥቀጥ የሚያስረው ቢምና ኮለን ሲሠራ ከኮንትራክተሩ ውጭ የሆነ ተቆጣጣሪ ሳይቱ ላይ ነበር?

5. ውሃው የት ይጠራቀማል? ክረምት ላይ ማን ይጠብቀዋል? የሴቶች መጸዳጃ በር ከውስጥ ይቆለፋል?

አንድ የምጨምረው ነገር አለ፤ እሱ የፊዚክስ መምህራንን ይመለከታል። ሁለት ተራ ቴርሞሜትር ይበቃል። አንዱን ክፍል ውስጥ፣ አንዱን ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ስቀሉ። ተማሪዎቹ በየቀኑ በ3፣ በ5 እና በ6 ሰዓት ያንብቡና ደብተር ላይ ይጻፉ። የጥላው ሙቀት የፈጣሪ ሥራ ነው፤ ከዚያ በላይ ክፍሉ የጨመረው ግን የሕንጻው ነው። አንድ ሴሚስተር የተመዘገበ ደብተር ይዞ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚሄድ የወላጅ ኮሚቴ «ልጆቻችን ሞቃቸው» ብሎ ከሚሄደው የተሻለ ይደመጣል።

ሪባን ሲቆረጥ ፎቶ ማንሳታችሁ አይቀርም። አንሱ፤ አዲስ ትምህርት ቤት ደስ ይላል። ግን ካሜራውን አንዴ ወደ ላይ አዙሩትና ኮርኒስ መኖሩን እዩ። ከዚያ ሰኔ ሲገባ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሳችሁ ሂዱና ክፍሉ ውስጥ ልጆች እንዳሉ ቁጠሩ።